የልጄ ቢርድድ ድራገን ከሰዓት በኋላ አፉን ከፍቶ ይውላል፤ ሙቀት እየመታው ይሆን?

የቬጋስ_እናት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለነው ላስ ቬጋስ ነው፤ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንድ ሙሉ በሙሉ ያደገ ቢርድድ ድራገን (ቤት ውስጥ የሚረባ እንሽላሊት) አለን። ታንኩ 40 ጋሎን (90 በ45 በ40 ሳንቲ ሜትር) መስታወት ሲሆን ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ነው። በአንዱ ጫፍ 100 ዋት ሃሎጅን አምፖል አለ፣ ከላይ ደግሞ የቲ5 ዩቪቢ ቱቦ (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ መብራት)። ሁለቱም በታይመር በአሜሪካው ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ማታ 7 ይበራሉ። ታንኩ የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ ከሚያየው መስኮት ሥር ነው። ሥራ ስንሄድ ኤሲውን 82 ፋራናይት (28 ሴልሺየስ) ላይ እንተወዋለን፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኤሲው አቅም ያጣና ቤቱ 88 (31 ሴልሺየስ) ይገባል።

ሰሞኑን ከሰዓት ሲሆን አምፖሉን ሸሽቶ ሌላኛው ጥግ ይጋደምና አፉን ይከፍታል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር 34 ሴልሺየስ ያሳያል። አፍ መክፈት የጤና ነው የሚል አንብቤያለሁ፤ እውነት ነው? በረዶ ላስገባለት? መብራት ቢጠፋስ ምን አደርጋለሁ?

---

ቀይ_አሸዋ

እህቴ፣ መጀመሪያ አምፖሉን አጥፊው። ዩቪቢው ይብራ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

አፍ መክፈት የጤና የሚሆነው አምፖሉ ሥር ሆኖ ሲከፍት ነው። ቢርድድ ድራገን ሰውነቱ የሚፈልገውን ሙቀት (35፣ 36 ሴልሺየስ ገደማ) ሲሞላ ትርፉን በአፉ ያስወጣል፣ ሲበዛበት ደግሞ ተነስቶ ወደ ቀዝቃዛው በኩል ይሄዳል። የአንቺው ግን ሄዷል፤ ሄዶም አፉ አልተዘጋም። ይህ ማለት ቀዝቃዛ የተባለው ጥግ ቀዝቃዛ አይደለም ማለት ነው። እንሽላሊት ላብ የለውም። ያለው መከላከያ ከሙቀት መሸሽ ነው፣ መሸሻ ካጣ ደግሞ አፍ ከፍቶ ማለክለክ፤ እሱም ውሃውን እየጨረሰ ነው የሚያቀዘቅዘው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ካለፈ አደጋ ውስጥ ነው። ከሚመርጠው እስከዚያ ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በይ።

ሊኖሩ የሚገቡት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። አምፖሉ ሥር ያለው ድንጋይ ወይም እንጨት ላዩ ከ38 እስከ 42። በሌላኛው ጫፍ ያለው አየር ከ24 እስከ 29። ሌሊት እስከ 18 ቢወርድ ችግር የለውም፤ ስለዚህ በበጋ ማታ ምንም ማሞቂያ አያስፈልግሽም።

መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቴርሞሜትር ንቀይው። እሱ የሚለካው የመስታወቱን ሙቀት ነው፣ ያውም ግማሽ ከፍታ ላይ። ሁለት ነገር ግዢ፦ የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ሽጉጥና ባለ ገመድ ዲጂታል ቴርሞሜትር። ሽጉጡ የድንጋዩን ላይ ይለካል፤ በመስታወት ወይም በወንፊቱ ውስጥ አሳልፈሽ ከለካሽ ግን የሚሰጥሽ የመስታወቱን ወይም የሽቦውን ሙቀት ስለሆነ ክዳኑን ከፍተሽ፣ ቀረብ ብለሽ፣ ቀይዋ ነጥብ ዓይኑ ላይ እንዳታርፍ ተጠንቅቀሽ ለኪ። ባለ ገመዱን ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ፣ እንስሳው በሚተኛበት ከፍታ አስቀምጪው። የቀኑን ከፍተኛ መዝግቦ የሚይዝ ዓይነት ይሁን፤ አደጋው የሚደርሰው እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ነውና።

አሁን ወደ መስኮቱ። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው እሱን ነው። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የሚገባ ፀሐይ በካሬ ሜትር 500 ዋት ቢሆን እንኳ የታንክሽ ፊት 0.36 ካሬ ሜትር ስለሆነ 180 ዋት ገባ ማለት ነው። አንዱ አምፖልሽ ላይ ሁለት ሌላ እንደጨመርሽበት ቁጠሪው፤ ይኼኛው ደግሞ ታይመርም ማጥፊያም የለውም። ዩቪቢ ያገኝበታል ብለሽ ከሆነ ያስቀመጥሽው፣ የመስኮቱ መስታወት ዩቪቢውን አስቀርቶ ሙቀቱን ነው የሚያሳልፈው። ታንኩን ዛሬውኑ ፀሐይ ወደማይነካው የውስጥ ግድግዳ አዛውሪው። ሙሉውን ማንሳት ካልተቻለ አፈሩንና ድንጋዩን አውጥታችሁ ለሁለት ተሸከሙት። መጋረጃ ብቻውን አይበቃም፤ መጋረጃው ራሱ ይግልና ሙቀቱን ከታንኩ ጎን ይለቀዋል።

---

ሽቦና_ሶኬት

ቀይ_አሸዋ በመስኮቱ ልክ ነው። እኔ በኤሌክትሪኩ በኩል ልግባ።

100 ዋት ለዚህ ታንክ በበጋ ብዙ ነው። ሃሎጅን የሚወስደውን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት አድርጎ ነው የሚተወው። ወደ 50 ዋት ውረጂ፤ ፒኤአር38 የሚባለው ሰፋ አድርጎ የሚረጭ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከመሞቂያው ድንጋይ ያለው ርቀት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ድንጋዩ አሁንም ከ42 በላይ ካነበበ ዋት ከመቀየርሽ በፊት ድንጋዩን ዝቅ አድርጊ፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብዙ ለውጥ ታመጣለች።

ቀጥሎ ቴርሞስታት። ሦስት ዓይነት አለ፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለሃሎጅን አምፖል የሚሆነው ብርሃኑን እያደበዘዘ የሚቆጣጠረው የዲመር ዓይነት ነው። የፐልስ ዓይነቱ ብርሃን ለማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ነው። ዝም ብሎ የሚያበራና የሚያጠፋው ርካሹ ደግሞ ለሂት ማት (ታንኩ ሥር ለሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ)። ርካሹን ለአምፖል ካዋልሽው ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም እያለ እንስሳውን ይረብሻል፣ አምፖሉም ቶሎ ይቃጠላል። የዩቪቢ ቱቦውን ግን በምንም ዓይነት ዲመር ላይ አትሰኪው፤ የራሱ ሶኬት፣ የራሱ ታይመር ይኑረው።

የዲመሩ ሴንሰር የሚቀመጠው መሞቂያው ቦታ አጠገብ ነው። እዚህ ጋ አንድ ክፉ ነገር አለ፦ ሴንሰሩ ከቦታው ተነቅሎ ቀዝቃዛው በኩል ወይም ውሃ ሳህኑ ውስጥ ከወደቀ ቴርሞስታቱ «በረደ» ብሎ አምፖሉን ሙሉ ኃይል ይለቀዋል። መቆጣጠሪያው ራሱ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በሙቅ ሙጫ አጥብቂው። ስኮችና ፕላስተር በፍጹም አትጠቀሚ፤ ሲላቀቅ እንሽላሊቱ ላይ ይጣበቅና ቆዳውን ይገሽልጠዋል።

ለቬጋስ ዓይነት በጋ ሁለተኛ መከላከያም እጨምር ነበር። ርካሹን የሚያበራ-የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ግዢና በማሞቂያ ሞድ 30 ሴልሺየስ ላይ ሙይው፣ የመነሻ ልዩነቱን 2 ዲግሪ አድርጊው፣ ሴንሰሩን ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እሰሪ። ዲመሩን እዚህ ላይ ሰኪው። ኤሲው ተበላሽቶ ቤቱ ሲግል ቀዝቃዛው ጫፍ 30 ሲነካ የአምፖሉ መስመር ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል፣ 28 ሳይወርድም አይበራም። በየቀኑ ብልጭ ድርግም ይላል ማለት አይደለም፤ የሚሠራው በክፉ ቀን ብቻ ነው።

ሆኖም የመቆጣጠሪያው ሬሌ (መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ) እንደበራ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። የመጨረሻው ገደብ አምፖሉ ራሱ መሆን አለበት። እንዲህ ፈትሺው፦ እንስሳውን አውጥተሽ፣ ክፍሉ 27 በሆነበት ሰዓት አምፖሉን ያለ ምንም መቆጣጠሪያ ለ4 ሰዓት አብሪው። ቀዝቃዛው ጫፍ 31 ካለፈ አምፖሉ ለታንኩ ትልቅ ነው፣ ቀይሪው።

ስለ በረዶው ሒሳቡን ልሥራልሽ። ግማሽ ሊትር በረዶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ 167 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። 100 ዋት አምፖል ያንን የሚመልሰው በ28 ደቂቃ ነው። አምፖሉ እየበራ በረዶ ማስገባት ገንዘብሽንም ፍሪጅሽንም ማድከም ነው። ማጥፊያውን መጫን ይሻላል።

---

ጥቁር_አንበሳ_2

እኔ የማውቀው እንስሳው ከጋለ በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፣ ወዲያው ይነቃል። ቬንቲሌተርም ፊት ለፊት አድርጉለት።

---

የእንስሳት_ክሊኒክ_ረዳት

ወንድሜ፣ ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል። የበረዶ ውሃ ቆዳው ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ላዩ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይታፈንና ልብና አንጎል እንደጋሉ ይቆያሉ። ሌላም አለ፦ እንሽላሊት የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ከልክ በላይ ካበረድሽው ራሱን መልሶ ማሞቅ አይችልም፣ ከአንዱ አደጋ አውጥተሽ ሌላ ውስጥ ትከችዋለሽ። ቬንቲሌተር ደረቅ እንሽላሊትን አያበርድም። ላብ የለውማ፤ አየሩ ከእሱ የሚሞቅ ከሆነ ጭራሽ ይጨምርበታል። የሚረዳው ሰውነቱ እርጥብ ሲሆን ነው።

ምልክቶቹን በቅደም ተከተል እወቁ። መጀመሪያ ዕረፍት ማጣት፣ መስታወቱን እየቧጨሩ ላይ ታች ማለት። ቀለሙ ይነጣል ወይም ይገረጣል። ከዚያ ቀዝቃዛው ጥግ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል። የእህታችን እዚህ ደረጃ ላይ ነው። እስካሁን የሚመለስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፦ እግሩ መዛል፣ ራሱ መወዛወዝ፣ ጀርባው ላይ ቢወድቅ መገልበጥ ማቃት፣ መንቀጥቀጥ፣ ስትነኪው ዝም ማለት። እዚህ ከደረሰ በመንገድ ላይ እያበረድሽ ወደ ሐኪም ነው እንጂ ቤት ውስጥ አይጠበቅም።

የመጀመሪያ ዕርዳታው ይህ ነው፦

1. ከታንኩ አውጪው፣ 23 ወይም 24 ሴልሺየስ ወዳለው ክፍል ውሰጂው።
2. ዝቅ ባለ ሳህን ከ24 እስከ 27 ሴልሺየስ የሆነ ውሃ ጨምሪ። በቴርሞሜትር ለኪ፤ እጅሽ ለብ ያለ ሳይሆን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ ይሰማዋል። ጥልቀቱ ከክርኑ እንዳያልፍ፤ ደካማ እንስሳ ራሱን ቀና ማድረግ ስለማይችል ከአጠገቡ አትራቂ፣ አገጩን በጣትሽ ደግፊ።
3. ጀርባውን በእጅሽ እየቀዳሽ አርጥቢው። በዚህ ጊዜ ከሩቅ ቀስ ያለ ቬንቲሌተር ይጠቅማል።
4. አፉ ሲዘጋና አተነፋፈሱ ሲረጋጋ አቁሚ። ቀጥሎ 26፣ 27 በሆነ ጨለም ያለ ሳጥን ውስጥ አሳርፊው። በዚያ ቀን መሞቂያ አምፖል የለም።

አፉ ውስጥ ውሃ አታፍስሺ፣ ለሰው የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም አትስጪ። የመተንፈሻ ቀዳዳው ምላሱ ሥር ክፍት ሆኖ ስላለ ራሱን ያልቻለ እንስሳ በቀላሉ ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ነቅቶ ራሱ ከላሰ አፍንጫው ጫፍ ላይ ጠብታ ማድረግ ይቻላል።

ደህና ሆነ ብላችሁ አትዘንጉ። ሙቀት የጎዳው ኩላሊት ምልክቱን ወዲያው አያሳይም። ለሦስት ቀን ያህል ነጩን የሽንቱን ክፍል እዩ፤ ጤነኛው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ የደረቀ ከሆነ ውሃ አንሶታል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ከዛለ ለምርመራ ይምጣ። ሐኪሙ ፈሳሽ በመርፌ ይሰጠዋል፣ በደሙም የዩሪክ አሲዱን መጠን ያያል። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ተሳቢ አያክምም፤ ኤአርኤቪ (ARAV) በሚል ምህፃር የሚታወቀው የተሳቢና የአምፊቢያን ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጹ ላይ በከተማ የሚፈለግ ዝርዝር አለው። ስልኩን ከበጋው በፊት ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ መኪናውን መጀመሪያ አቀዝቅዙት። የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። እንስሳውን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ሳጥን፣ እርጥብ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ ወንበሩ ላይ ሳይሆን ፀሐይ በማያገኘው ወለል ላይ አስቀምጡት።

---

የቬጋስ_እናት

እግዜር ይስጥልኝ። ታንኩ ወደ ውስጥ ግድግዳ ተዛውሯል። ሽጉጡን ገዝተን ስንለካ ድሮ በነበረበት ቦታ የመሞቂያው ድንጋይ 53፣ ቀዝቃዛው ጫፍ 36 ነበር! አሁን በ50 ዋት ድንጋዩ 40፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከሰዓት በኋላ 30 ነው። አፉን አይከፍትም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ያቺን አንድ ዲግሪ እንዴት ላውርዳት? እህቴ ዱባይ ሌፐርድ ጌኮ (ሌላ ዓይነት ትንሽ እንሽላሊት) አላት፤ ቁጥሮቹ ለእሷም ይሠራሉ?

---

ቀይ_አሸዋ

30 የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሰዓቱን ቀይሪው። ቢርድድ ድራገን ቀኑን ሙሉ መሞቅ የለበትም። በበጋ የአምፖሉን ታይመር በአሜሪካው ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ቀትር 12 አድርጊው፤ ከዚያ ዩቪቢው ብቻውን እስከ ማታ ይቀጥል። ምግቡን በጠዋት ስጪው፣ በመሞቂያው ሰዓት እንዲፈጨው። ይህን ስታደርጊ የቤቱ ከፍተኛ ሙቀትና የአምፖሉ ሙቀት አይገናኙም።

መሬቱም ይረዳል። ቀዝቃዛው በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የአፈርና የአሸዋ ድብልቅ ካለ ራሱ ቆፍሮ ይገባበታል። ከላዩ ሰፊ ሸክላ ወይም የወለል ሴራሚክ አንጥፊለት። ጋዜጣ ወይም ምንጣፍ ያነጠፈ ታንክ ግን ይህን መውጫ አይሰጠውም።

መብራት ከጠፋ አምፖሉም አብሮ ስለሚጠፋ የምትታገዪው ከክፍሉ ሙቀት ጋር ብቻ ነው። ያኔ በረዶ ትርጉም አለው፦ ግማሽ ሊትር የቀዘቀዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ፣ ከወንፊቱ በላይ አስቀምጪው። ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፤ እንስሳውም በረዶውን አይነካም። ቬጋስ ደረቅ ስለሆነች ከዚያ የሚሻል አለ። እርጥብ ፎጣ የወንፊቱን ግማሽ ሸፍኖ ሲደርቅ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ 240 ኪሎ ጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል፤ ግማሽ ሊትር በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ይበልጣል። መብራት ተመልሶ እንዳይመጣበት ግን አምፖሉን ንቀዪው፤ ፎጣና የጋለ አምፖል አንድ ላይ እሳት ነው። ቬጋስ ጁላይ 7 ቀን 2024 48.9 ሴልሺየስ ገብታለች። እንዲህ ባለ ቀን ኤሲው ከሞተ ፎጣም በረዶም ጊዜ መግዣ ናቸው፤ እንስሳውን በሳጥን ይዛችሁ ኤሲ ያለው ወዳጅ ቤት ሂዱ።

---

ባሕረ_ሰላጤ

ዱባይ ላለችው እህትሽ እኔ ልመልስ። የቢርድድ ድራገን ቁጥር ለሌፐርድ ጌኮ አይሠራም። ለእሷ ሞቃቱ ወለል ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ22 እስከ 26 ነው። ሂት ማት ከተጠቀመች ከታንኩ ወለል ከሲሶው አይለፍ፣ ያለ ቴርሞስታትም አይሰካ፤ ያልተገደበ ማት ላይ የተኛ ጌኮ ሆዱ ይቃጠላል። «የሚሞቅ ድንጋይ» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ ገመድ ነገር ጭራሽ አትግዛው።

ጌኮ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ቀን መደበቂያ ይፈልጋል። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ሞቃቱ በኩል ከሆነ፣ ቢግልም ከውስጡ አይወጣም፤ ለእሱ መታየት ከሙቀቱ ይብሳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት መደበቂያ፦ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ መሃል ላይ ደግሞ እርጥብ ሞስ ያለበት።

የእርጥብ ፎጣው ዘዴ እዚህ አይሠራም። የባሕረ ሰላጤው በጋ እርጥበታማ ስለሆነ ውሃው በደንብ አይተንም፤ ታንኩን አፍኖ ብቻ ይቀራል። እዚህ ያለን ኤሲ ነው። በበጋ ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄድ ዘመድ መጥቶ ምግብ ይሰጠዋል ብላ ኤሲውን አጥፍታ እንዳትሄድ፤ 25 ላይ ትተወው፣ ማሞቂያው በቴርሞስታት ይሁን፣ ስልኳ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ባለ ዋይፋይ ቴርሞሜትርም ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ትትከል። ማስጠንቀቂያውን 30 ላይ ትሙላው። ቁልፍ ያለው ሰው ደግሞ ሩቅ እንዳይሆን፣ ዱባይ የከሰዓት ትራፊክ መቼም የታወቀ ነው።

ክሬስትድ ጌኮ ልግዛ ካለች ግን አስቢበት በያት። የኒው ካሌዶኒያ እንስሳ ነው፣ የሚስማማው ከ22 እስከ 26፤ 28 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 30 ላይ ለሰዓታት ከቆየ ሊሞት ይችላል። ኤሲ አንድ ከሰዓት ቢበላሽ ቢርድድ ድራገን ይተርፋል፣ እሱ ግን ላይተርፍ ይችላል።

---

ሽቦና_ሶኬት

አንድ ልጨምር፦ ባለ ዋይፋዩ ቴርሞሜትር መብራት ሲጠፋ ሞደሙም አብሮ ስለሚጠፋ ምንም አይልክም። ቴርሞሜትሩ በባትሪ ቢሠራም ያው ነው። ወይ ሞደሙን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ሰኩት፣ ወይ ግንኙነት ሲቋረጥ ራሱ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን ዓይነት ምረጡ። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ሳይሆን መመሪያው ውስጥ ፈልጉት።